የቁማር ችግር ያለበትን ሰው ለመርዳት የትኛውን ሥልጠና ልውሰድ?

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው መጡብኝ። አንዷ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። አንዱ በቅርቡ በሳይኮሎጂ የተመረቀ ወጣት ነው። ሦስተኛው አዛውንት ቄስ ናቸው፤ ከንስሐ ልጆቻቸው መካከል በቤቲንግ ትዳራቸው የተናጋ አሉ። ሦስቱም "ይህ ነገር እየበዛብን ነው፤ ምን ብንማር እንጠቅማለን?" ነው ያሉኝ።

ለሦስቱም የሰጠሁት መልስ የተለያየ ነው። ሥልጠናው ብዙ ዓይነት ነውና። የግማሽ ቀን አለ፣ የሦስት ቀን ወርክሾፕ አለ፣ ወራት የሚፈጅ ኮርስ አለ፣ ዓለም አቀፍ ሰርተፊኬት አለ፣ ማስተርስም አለ። አንዱ ለነርሷ የሚጠቅመውን ያህል ለቄሱ አይጠቅምም።

ከራሴ ልጀምር። በዚህ ጉዳይ መጀመሪያ የወሰድኩት በኦንላይን የሚሰጥ የውጭ ኮርስ ነበር። ከፍዬበት፣ ሌሊት ሌሊት ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ምሳሌዎቹ በሙሉ ካዚኖ ውስጥ ማሽን ፊት ለፊት ስለሚውሉ ጡረተኞች ነበሩ። ሰርተፊኬቱን ባገኘሁ በሁለተኛው ሳምንት አንድ የባጃጅ ሹፌር መጣ። ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። የሚስቱን የዕቁብ ብር ወስዶ በስልኩ ቲኬት ቆርጦበታል። ሚስቱ አታውቅም። "ቅዳሜ አርሰናል ካሸነፈ ሁሉንም እመልሳለሁ" ይለኛል።

እኔም ስለ ሱስ ሳይንስ አስረዳው ጀመር። ስለ አንጎል፣ ስለ ዶፓሚን። በጨዋነት አዳመጠኝ። ተሰናብቶኝ ወጣ፤ አልተመለሰም። ያ ሰው ዛሬም ከሐሳቤ አልወጣም። ኮርሱ ብዙ ነገር አሳውቆኝ ነበር፤ ነገር ግን ከሰው ጋር ስነጋገር ያየኝ፣ "እዚህ ጋ ሳትክ" ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስለ የትኛውም ሥልጠና መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው፦ ስሠራ አይቶ የሚያርመኝ ሰው አለ ወይ?

መጀመሪያ፦ ወደ እናንተ የሚመጣው ማን ነው?

ሰው "ቁማር አስቸግሮኛል" ብሎ በር አያንኳኳም። ነርሷ ዘንድ የሚመጣው እንቅልፍ እምቢ ብሎት ወይም ጨጓራው አሞት ነው። ካውንስለሩ ዘንድ ከእሱ ቀድማ የምትደርሰው እናቱ ወይም ሚስቱ ናት። ቄሱ ዘንድ ደግሞ ጸጸት አስጨንቆት ይመጣል። ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከራሳችሁ ወንበር ነው። ከሰውየው ጋር ስንት ደቂቃ አላችሁ? ተመልሶ ሊመጣ ይችላል? እናንተ ካልቻላችሁ የምትልኩበት ቦታ አለ? በቀን ስልሳ ታካሚ የምታይ ነርስ ለወራት የሚዘልቅ ቴራፒ ብትማር የምትሠራበት ጊዜ አይኖራትም።

አጭሩ ሥልጠና፦ ችግሩን ለይቶ ማወቅ

ይህ ከግማሽ ቀን እስከ ሁለት ቀን ይወስዳል። ለጤና ጣቢያ ባለሙያ፣ ለመምህር፣ ለድርጅት ሰው ኃይል ሠራተኛ ይስማማል። የሚያስተምረው ጥያቄ መጠየቅን ነው። መጠጥ ይሸታል፤ ጫት ጉንጭ ላይ ይታያል። ቁማር ካልተጠየቀ በቀር አይታይም።

ችግሩን ለመለየት ከሚያገለግሉት አጫጭር መጠይቆች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ባለ ሁለት ጥያቄው ነው። አንዱ የምታስይዘው ገንዘብ እየጨመረ እንዲሄድ ፍላጎት አድሮብህ ያውቃል ወይ ይላል። ሌላው ስለምትጫወተው መጠን ለምትወዳቸው ሰዎች ዋሽተህ ታውቃለህ ወይ ይላል። ለአንዱም ቢሆን "አዎ" ካለ ሰፋ ያለ ምርመራ ያስፈልገዋል። ካናዳ ውስጥ የተዘጋጀው ሰፋ ያለ መጠይቅ ደግሞ 9 ጥያቄዎች አሉት። ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል፤ 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ችግሩ ከባድ ነው ማለት ነው። የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መጽሐፍ የቁማር ሕመም ከሱሶች ተርታ ተመድቧል፤ ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 4ቱ በአንድ ዓመት ውስጥ መታየት አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የበሽታዎች ዝርዝርም በኦንላይን የሚደረገውን በአካል ከሚደረገው ለይቶ ይመዘግባል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። መጠይቁን ወደ አማርኛ መልሶ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ወጣቱን "ቁማር ትጫወታለህ?" ብትሉት "ኧረ በፍጹም" ይላችኋል። አልዋሸም። ቁማር ለእሱ ካርታና ጆተኒ ላይ የሚደረገው ነው። እሱ የሚያደርገው "ቤቲንግ" ነው፤ ቲኬት መቁረጥ ነው፤ ስልኩ ላይ አቪዬተር መጫወት ነው። አንዳንዱ እንዲያውም እንደ ሥራ ነው የሚያየው። ሥልጠናው እነዚህን ቃላት ካላነሳ፣ አሠልጣኙም ኦድ (ያስያዙት ብር ቢያሸንፍ በስንት እንደሚባዛ የሚያሳየው ቁጥር) ምን እንደሆነ የማያውቅ ከሆነ፣ ብዙ ሰው ከእጃችሁ ያመልጣል። እኔ "በዚህ ወር ቲኬት ቆርጠህ ታውቃለህ?" ብዬ ነው የምጀምረው።

ጥሩ አጭር ሥልጠና ሁለት ነገሮችን መያዝ አለበት። የመጀመሪያው ራስን ስለ ማጥፋት በግልጽ መጠየቅ ነው። ዕዳ፣ ሐፍረትና ምስጢር አንድ ላይ ሲሆኑ አደጋው እውነተኛ ነው። ጥያቄው ሐሳቡን ሰውየው ውስጥ አይከተውም፤ የማይጠይቅ ሥልጠና ነው አደገኛው። ሁለተኛው ለነርሶችና ለሐኪሞች ነው። አንዳንድ መድኃኒቶች ራሳቸው የቁማር ግፊት ሊያመጡ ይችላሉ። ለፓርኪንሰን የሚሰጠው ፕራሚፔክሶል አንዱ ነው። ለከባድ የአእምሮ ሕመም ስለሚሰጠው አሪፒፕራዞልም የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2016 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አንድ ሰው መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ድንገት መጫወት ካበዛ፣ በራሱ እንዳያቆም ነግራችሁ ካዘዘለት ሐኪም ጋር አገናኙት።

የአጭሩ ሥልጠና ድክመት ግልጽ ነው። ችግሩን ካወቃችሁ በኋላ "እሺ፣ አሁንስ?" ለሚለው መልስ የለውም።

የንግግር ሥልጠና፦ ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ

አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህንን ነው የምመርጠው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 መጀመሪያ ስለ መጠጥ ችግር ጽፎበት፣ በኋላ ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር ያዳበረው ዘዴ ነው። ብዙውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ወርክሾፕ ይሰጣል። መሠረቱ ቀላል ይመስላል። ሰውየው ለመለወጥ የራሱ ምክንያት አለው፤ የእናንተ ሥራ ያንን ምክንያት ከራሱ አፍ ማውጣት ነው።

ለእኛ ይህ ከባድ ነው። ያደግነው በምክር ነው። ሰው ሲቸገር ሽማግሌ ይጠራል፣ ይመከራል፣ ይገሠጻል። ምክር በፍቅር የሚሰጥ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ቁማር የያዘው ሰው ያንን ምክር ሁሉ ለራሱ ሰጥቶ ጨርሷል። በየሌሊቱ ራሱን ሲገሥጽ ነው የሚያድረው። እናንተ ደግሞ ስትገሥጹት ራሱን ወደ መከላከል ይዞራል።

የባጃጁን ሹፌር ላንሳው። "ቅዳሜ አርሰናል ካሸነፈ ሁሉንም እመልሳለሁ" ሲለኝ "እስከ ዛሬ መቼ መልሰህ ታውቃለህ?" ብዬው ነበር። ልክ ነኝ፤ ግን በሩን ዘጋሁበት። ይህንን ዘዴ የተማረ ሰው ምናልባት እንዲህ ይለዋል፦ "ይህ ብር ሳይመለስ መቅረቱ ዕረፍት ነስቶሃል። ሚስትህ ፊት ሳታፍር መቆም ትፈልጋለህ።" ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ማለቱም ይሠለጠንበታል። ሰውየው ቀጥሎ የሚናገረው ስለ አርሰናል ሳይሆን ስለ ሚስቱ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። ሚለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት 140 ባለሙያዎችን በተለያየ መንገድ አሠልጥነው አወዳድረዋል። ወርክሾፑ ችሎታን ያሻሽላል። ችሎታው የሚቆየው ግን ከወርክሾፑ በኋላ ሥራቸው እየታየ አስተያየት የተሰጣቸው ወይም በግል የተከታተላቸው አሠልጣኝ የነበራቸው ሰዎች ላይ ነው። በራሳቸው ብቻ የተማሩት ብዙ አልተራመዱም። የእኔም የሌሊት ኮርስ እንደዚያ ነበር።

ስለዚህ ወርክሾፕ ስትመርጡ ከቀኑ ብዛት ይልቅ ከዚያ በኋላ ስላለው ጠይቁ። ሁለት ቀን ወርክሾፕና ለሦስት ወር በየሁለት ሳምንቱ ክትትል ያለው፣ አምስት ቀን ሙሉ ተሰጥቶ ከሚያበቃው ይበልጣል። ክትትል ካልተገኘ ሁለት የሥራ ባልደረቦች ተጣምራችሁ እርስ በርስ ሮል ፕሌይ (አንዱ ታካሚ፣ ሌላው ባለሙያ ሆኖ መለማመድ) እየሠራችሁ ተራረሙ። ታካሚን መቅዳት ካስፈለገ ፈቃዱን በጽሑፍ ውሰዱ።

የቴራፒ ሥልጠና፦ ሲ.ቢ.ቲ.

የአስተሳሰብና የባሕርይ ቴራፒ፣ በተለምዶ ሲ.ቢ.ቲ. የሚባለው፣ ቁማርን ለማከም ከሁሉ ይበልጥ የተጠና ዘዴ ነው። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ናይስ የሚባለው፣ ጥር 2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለቁማር የተዘጋጀ ሲ.ቢ.ቲ.ን ይመክራል፤ በቡድን መሰጠቱን ያስቀድማል። የቡድኑ ነገር ለእኛ ሀገር ትልቅ ትርጉም አለው። ባለሙያ ጥቂት ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ስምንት ሰው መርዳት ከቻለ ቀላል አይደለም።

ሥልጠናው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንዱ አስተሳሰብ ነው። "ለጥቂት ነው የተበላሁት" የሚለውን ቃል ሳትሰሙ ሳምንት አያልፍም። አሥር ጨዋታ አንድ ቲኬት ላይ ያስቀምጣል፣ ዘጠኙ ይገባል፣ አንዱ ያበላሽበታል። እሱ ይህንን እንደ መሸነፍ ሳይሆን ለማሸነፍ እንደ መቃረብ ያየዋል። እዚህ ላይ ከሰውየው ጋር ወረቀት አውጥታችሁ ታሰላላችሁ። እያንዳንዱ ጨዋታ ከመቶ 70 የመግባት ዕድል ቢኖረው እንኳ፣ አሥሩም አንድ ላይ የመግባት ዕድላቸው ከመቶ 3 አይሞላም። ይህንን ራሱ በእጁ ሲያሰላው ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ። እኔ ብነግረው ኖሮ አያምነኝም ነበር።

ሌላው ባሕርይ ነው። የደመወዝ ቀን ምን ይደረጋል? አፑ ከስልኩ ይጥፋ? ገንዘቡ ለጊዜው በሚስቱ እጅ ይቀመጥ? ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጨዋታ በሚኖርበት ሰዓት፣ የት ይዋል? ጥሩ አሠልጣኝ እነዚህን ዝርዝሮች በአገሩ ኑሮ ያስተምራል።

ለማን ይስማማል? የምክር አገልግሎት መሠረት ላለው ሳይኮሎጂስት፣ ለሳይካትሪ ነርስ፣ ለሶሻል ወርከር። በየሳምንቱ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ቡድን ሰዓት ማውጣት ለሚችል። ንግግሩን ሳይችሉ ወደዚህ መዝለልን አልመክርም። ልቡ ያልቆረጠ ሰው የቤት ሥራውን አይሠራም፤ በሦስተኛው ሳምንት ይቀራል።

ስለ መድኃኒትም ይጠየቃል። በአሜሪካ ለቁማር ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። የእንግሊዙ መመሪያ ቴራፒው በቂ ካልሆነ ናልትሬክሶን የሚባለውን መድኃኒት በልዩ ባለሙያ ክትትል ማሰብ ይቻላል ይላል። ይህ የሳይካትሪስት ጉዳይ ነው።

ዓለም አቀፉ ሰርተፊኬትና ዲግሪው

ዓለም አቀፍ የቁማር ካውንስለር ሰርተፊኬት የሚሰጥ ቦርድ አለ፤ ደረጃው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ደረጃ በቁማር ላይ ብቻ ያተኮረ የ30 ሰዓት፣ ሁለተኛው የ60 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ከዚያ በተጨማሪ የሥራ ልምድ፣ ከተፈቀደለት አማካሪ ጋር የሚደረግ ክትትልና ፈተና አለው። ክትትሉ መኖሩን እወድለታለሁ። ዋጋው በውጭ ምንዛሪ መሆኑና ምሳሌዎቹ ከእኛ ኑሮ መራቃቸው ግን አገር ቤት ላለ ሰው ከባድ ያደርገዋል።

በአሜሪካ ላላችሁ ነገሩ ይለያል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ከወሰነ ወዲህ የስፖርት ውርርድ በብዙ ግዛቶች ተፈቅዷል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው ቨርጂኒያና ሜሪላንድም እንዲሁ፤ ቨርጂኒያ በ2021 መጀመሪያ፣ ሜሪላንድ በስልክ የሚደረገውን በ2022 መጨረሻ ጀምረዋል። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥር ያለው የቁማር ችግር ማዕከል ለባለሙያዎች ሥልጠና ይሰጣል። እዚያ ፈቃድ ያላችሁ አማርኛ ተናጋሪ ካውንስለሮች ሰርተፊኬቱ በእጅጉ ይጠቅማችኋል። ሌሊት እያሽከረከረ ቀን ስልኩ ላይ የሚጫወት ሰው ጉዳዩን በአማርኛ የሚነግረው ባለሙያ ሲያገኝ ልዩነቱ ብዙ ነው።

ዲግሪውን በአጭሩ ልለፈው። ጎንደርና ጅማ ዩኒቨርሲቲዎች በአእምሮ ጤና የማስተርስ ትምህርት ይሰጣሉ። ጥሩ ትምህርት ነው፤ ሙሉ ሙያ ይሰጣል። ለቁማር ብቻ ብላችሁ ግን አትግቡበት። ከገባችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በዚህ ርእስ ላይ አድርጉት፤ በአማርኛ የተፈተሸ መጠይቅ ለሁላችንም ያስፈልገናል።

ለቄስ፣ ለሼኽ፣ ለዕድር ዳኛ

ቄሱን ቴራፒስት መሆን አያስፈልግዎትም አልኳቸው። የእሳቸው ትልቁ ሥራ ቤተሰቡ ጋ ነው። ለቤተሰብ የሚሆን ክራፍት የሚባል ዘዴ አለ። መነሻው መጠጥ ነው፤ በኋላ ለቁማርም ተሞክሯል። ሚስት ወይም እናት ሳትጨቃጨቅና ሳትሸፍንለት ሰውየውን ወደ ሕክምና እንዴት እንደምታመጣ ያስተምራል።

"ሳትሸፍንለት" የሚለው ላይ አጥብቄ ነገርኳቸው። እኛ ዘንድ ዘመድ ተሰብስቦ ዕዳውን ይከፍላል፣ ሰውየው ይምላል፣ ይለቀሳል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። ዕዳው ሲነሳለት ደግሞ እንደገና የሚጫወትበት ቦታ ተከፈተለት ማለት ነው። ብሩ ለእሱ በእጁ ባይሰጥ፣ ለአበዳሪው በቀጥታና በጥቂት በጥቂቱ ቢከፈል፣ ሂሳቡንም ሌላ ሰው ቢያይ ይሻላል። ይህንን ሽማግሌ ከተናገረው ይሰማል፤ እኔ ብናገረው አይሰማም።

እ.ኤ.አ. በ1957 በሎስ አንጀለስ የተጀመረው፣ ቁማር ያስቸገራቸው ሰዎች ተሰብስበው እርስ በርስ የሚረዳዱበት ጋምብለርስ አኖኒመስም አለ። ሥልጠና አይደለም። ክፍት ስብሰባዎቹ ላይ ግን ባለሙያም ተቀምጦ ማዳመጥ ይችላል። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ አንድ ጊዜ ገብታችሁ አዳምጡ፤ ከመጽሐፍ የማታገኙት ነገር ትሰማላችሁ።

ገንዘቡን የሚከፍለው ማን ነው?

ነጻ ሥልጠና ሲቀርብላችሁ ይህን ጠይቁ። በእንግሊዝ ለሕክምናና ለሥልጠና የሚውለው ገንዘብ ለዓመታት ከቁማር ኩባንያዎች በፈቃደኝነት የሚሰጥ ነበር። ከሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የሚሰበሰብ ክፍያ ሆኗል። ምክንያቱ አይከብድም፤ ከተጫዋቹ ኪሳራ የሚያተርፍ ሰው የትኛው ትምህርት ይሰጥ ብሎ መወሰን የለበትም። አንድ የቤቲንግ ድርጅት ሥልጠና ቢያዘጋጅ ይዘቱን አስቀድማችሁ እዩ። "ሰው ራሱን ይቆጣጠር" ብሎ የሚያበቃ፣ ስለ ማስታወቂያውና ስለ አፑ አሠራር አንድ ቃል የማይል ከሆነ እኔ አልቀበለውም።

ታዲያ ለሦስቱ ምን አልኳቸው? ነርሷን የአንድ ቀኑን ውሰጂና ሁለቱን ጥያቄዎች ካርድሽ ላይ ጨምሪ፣ ቀጥሎ የምትልኪበትን ቦታ ስልክ ያዢ አልኳት። ወጣቱን ንግግሩን ቅድሚያ ተማር፣ ከስድስት ወር በኋላ ሲ.ቢ.ቲ.ውን ትጨምራለህ፣ እስከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ እኔ ጋ እየመጣህ ሥራህን እናያለን አልኩት። ቄሱ የቤተሰቡን ሥልጠና መረጡ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው "ልጁን መጀመሪያ ምን ልበለው?" አሉኝ። "ምንም አይበሉት አባቴ፤ መጀመሪያ ያዳምጡት" አልኳቸው።